ከቀለሙ በፊት በሩንና የልብስ ማስጫውን ገመድ ያስቡ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ የቤት አገልግሎት ድርጅት ጋር የፍራንቻይዝ ውል ተፈራርመዋል። በድርጅቱ ስም ደሴና ኮምቦልቻ ሊሠሩ ነው። 14 ሠራተኞች ይዘዋል። 6ቱ ጽዳት ላይ ናቸው፤ ከእነሱም 5ቱ ሴቶች ናቸው። 3ቱ ቧንቧ፣ 3ቱ ኤሌክትሪክ ይሠራሉ። 2ቱ ደግሞ ሮቶ ያጥባሉ፣ የተባይ መድኃኒትም ይረጫሉ። ከዋናው ድርጅት የደረሳቸው የደንብ ልብስ ናሙና እጅጌው አጭር የሆነ ነጭ ፖሎ ቲሸርትና ሰማያዊ ሱሪ ነው። "ለሁሉም አንድ ዓይነት ላሰፋ? ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ይበቃል? ጨርቁስ ምን ይሁን? ገንዘቤ የሚወጣው አንድ ጊዜ ስለሆነ መሳሳት አልፈልግም" ይላሉ።

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ቀለሙና ምልክቱ ለ14ቱም አንድ ይሁን። ጨርቁና አሰፋፉ ግን እንደየሥራው ይለያይ። ለአንድ ሰው ሁለት አይበቃም፣ ሦስት ያስፈልጋል። ነጩን ፖሎ ደግሞ ከማሰፋትዎ በፊት ከዋናው ድርጅት ጋር ይነጋገሩበት። ምክንያቱን ከዚህ በታች እነግርዎታለሁ። ትንሽ ይረዝማል።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የሥራ ልብስ አሰፋለሁ። ከዚያ በፊት ለዓመታት በአንድ የልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የቱ ቀለም ያምራል?" ብሎ ነው። እኔ መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሠራተኛው የሰው በር ላይ ሲደርስ ምን ያጋጥመዋል? ልብሱ ከታጠበ በኋላስ የት ይደርቃል? እነዚህ ከተመለሱ ቀለም መምረጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ከበሩ ልጀምር። የፋብሪካ ሠራተኛን የሚያየው አለቃውና ባልደረባው ነው። የእርስዎ ሠራተኛ ግን የሰው ቤት ነው የሚገባው። ደሴ ውስጥ ሆጤ ወይም ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አንዲት እናት ብቻቸውን ቤት ውለዋል እንበል። በሩ ይንኳኳል። ከፈት አድርገው ያያሉ። የመጣው ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው መለየት አለባቸው። ስለዚህ ምልክቱ ደረት ላይ ይሁን፤ ከሦስት እርምጃ ርቀት ይነበብ። ጀርባ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ስም መንገድ ላይ ለማስታወቂያ ይጠቅማል፤ በር ላይ ግን ጀርባውን የሚያሳይ የለም። ፎቶ ያለበት መታወቂያም ያንጠልጥሉላቸው። የመጀመሪያ ስምና የሥራ ቁጥር ይበቃል። በተለይ የሴቶቹን ሙሉ ስምና ስልክ ደረታቸው ላይ አያስጽፉ። ደንበኛ ሠራተኛዋን ማግኘት ከፈለገ በቢሮው ስልክ ይደውል።

የወታደር ወይም የፖሊስ ልብስ የሚመስል ነገር ፈጽሞ አይምረጡ። ዝንጉርጉር ጨርቅ፣ ትከሻው ላይ የማዕረግ ማሰሪያ ያለው ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ ከላይ እስከ ታች፣ እነዚህ ሁሉ ይቅሩ። ከሕግ ጋር ያጣላል። የእኛ አካባቢ ሰው ደግሞ ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል። በሩ ላይ እንዲህ ያለ ልብስ ሲያይ የሚሰማውን እርስዎም ያውቁታል።

አሁን ወደ ጫማ። ጫማ በብዙ የደንብ ልብስ መመሪያ ውስጥ በአንድ መስመር ነው የሚታለፈው። እዚህ ግን ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። ብዙ ቤት የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። ምንጣፍ አለ፣ መጅሊስ አለ፣ የሚሰገድበት ክፍል አለ። የቧንቧ ሠራተኛው ባለ ክር ቡት አድርጎ ይመጣል። በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ክር ሲፈታ ይቆያል። ከዚያ ጣቱ ባወጣ ካልሲ ይገባል። እሱም ይሳቀቃል፣ የቤቱ እመቤትም ይሳቀቃሉ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አደጋው ነው። በካልሲ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ቆሞ ቧንቧ የሚፈታ ሰው ይንሸራተታል። በካልሲ ቆሞ የኤሌክትሪክ መስመር የሚነካ ሰው ደግሞ በሕይወቱ ነው የሚቀልደው።

ለእያንዳንዱ ሁለት ጫማ ይግዙ። አንዱ የውጭ ነው፤ ጫፉ ጠንካራ የሆነ ሴፍቲ ጫማ፣ ከተቻለ ያለ ክር በላስቲክ የሚጠለቅ። ሁለተኛው የቤት ውስጥ ነው፤ ሶሉ ጎማ የሆነ፣ የማያንሸራትት፣ ጣት የሚሸፍን ቀላል ጫማ። ይህኛው በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይያዛል፣ መንገድ አይረግጥም። ሠራተኛው በር ላይ አውጥቶ "ይህ ጫማ ውጭ ረግጦ አያውቅም፣ አድርጌው ልግባ?" ይበል። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሁሉም እስኪለምዷት ያሠልጥኗቸው። እኔ እስከማውቀው እምቢ የሚል ደንበኛ ብዙ የለም። የሚሰገድበት ክፍል ከሆነ ግን ምንጣፉ መጀመሪያ ይጠቅለል። ከጫማ ላይ የሚጠለቀው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ገብቶ አይቶ ለመውጣት ይሆናል፤ እርጥብ ወለል ላይ ስለሚያንሸራትት ሥራ ላይ አይጠቀሙበት። ካልሲም የደንብ ልብሱ አካል ነው። በነፍስ ወከፍ ቢያንስ አራት ጥንድ ጥቁር ግራጫ ካልሲ ይስጡ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሠራተኛውን ክብር ግን ይጠብቃል።

ከሥራው በኋላ ደግሞ ቡና አለ። ወሎ ቤት ገብቶ ቡና ሳይቀርብለት የሚወጣ ጥቂት ነው። "አረፍ በል" ሲባል የቆሸሸውን አውልቆ መቀመጥ መቻል አለበት። ለዚህ ነው ለደንበኞቼ ሁሉ አንድ ነገር የምደጋግመው፤ ንጹሑ ከስር፣ የሚወልቀው ከላይ ይሁን። ለሙስሊም ሠራተኞችዎ ይህ ከቡናም ይበልጣል። ሶላት ንጹሕ ልብስ ይፈልጋል። የፍሳሽ መስመር ሲከፍት የቆየ ልጅ ቱታውን አውልቆ ከስር በለበሰው መስገድ ከቻለ ልብስ ለመቀየር ቤቱ ደርሶ መመለስ አይኖርበትም። ስለዚህ ለቧንቧ ሠራተኞችዎ ሸሚዝና ሱሪው ከስር፣ ሰፊ ቱታ ወይም ጋወን ከላይ ይሁን። ቱታው ከፊት እስከ ታች በዚፕ የሚከፈት፣ ጫማ ሳይወልቅ የሚወጣ እንዲሆን የእግሩ ጫፍ ሰፋ ይበል።

አሁን ወደ ማስጫው ገመድ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። መሐላቸው የሐረጎ ተራራ አለ፤ መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የከፍታው ልዩነት ብቻ 4 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ያመጣል። ጠዋት ደሴ ሸዋበር አካባቢ ጉም ውስጥ ቱቦ የጠገነ ሠራተኛ ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ላብ ያጠምቀዋል። አንድ ወፍራም ልብስ ለዚህ አይሆንም። ቀለል ያለ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ፣ ላዩ ላይ የሚደረብ ሰደርያ ወይም ጃኬት ይሻላል። እጅጌው ሲጠቀለል የሚይዝ ማሰሪያና ቁልፍ ይኑረው። እጅጌ አጭሩ ፖሎ ደሴ ላይ ሠራተኛው የራሱን ሹራብ ከላይ እንዲደርብ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ምልክቱ ተሸፈነ፣ ደንብ ልብሱም ቀረ ማለት ነው።

በደሴ ክረምት ልብስ አጥቦ ማድረቅ ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። በሐምሌና በነሐሴ ወፍራም የጥጥ ሱሪ ጠዋት ታጥቦ በማግስቱም ወገቡና ኪሱ እርጥብ ነው። በልግም አለ። ሠራተኛው እርጥቡን ለብሶ ይወጣል፤ ወይም የራሱን ሱሪ ለብሶ ይመጣል። ሦስት ያልኩት ለዚህ ነው። አንዱ ተለብሷል፣ አንዱ ማስጫ ላይ ነው፣ አንዱ ታጥፎ ይጠብቃል። ሁለት ከሆነ አንድ ዝናባማ ቀን ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል። ሦስተኛውን ለመግዛት ገንዘቡ ካጠረዎት ካልሲውንና ጫማውን ሳይሆን ጃኬቱን ያዘግዩ፣ ሰደርያ ለጊዜው ይበቃል።

ጨርቁንም የሚወስነው ይኸው ገመድ ነው። ጥጥ እርጥበት ይወዳል። በመደበኛ አየር ውስጥ ተቀምጦ እንኳ የክብደቱን 8 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል። ፖሊስተር ከ1 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ የሆነው ድብልቅ ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙ አይጨማደድም፣ ቀለሙም ይቆያል። ለጽዳትና ለቧንቧ ሠራተኞችዎ እሱን ይምረጡ። ለሱሪ በካሬ ሜትር ከ220 እስከ 250 ግራም፣ ለሸሚዝ ከ150 እስከ 180 ግራም ያለው ጥሩ ነው። ከዚያ የከበደ ሱሪ ይጠነክራል፤ ደሴ ላይ ግን አይደርቅም።

የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ ከዚህ ይለያሉ። ብልጭታ ሲያርፍበት ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ሊቃጠል ይችላል እንጂ አይቀልጥም። ለሦስቱ ሙሉ ጥጥ የሆነ ካኪ ያሰፉላቸው፣ ከስር የሚለበሰው ቲሸርትም ጥጥ ይሁን። ለመድረቅ ስለሚያስቸግር ለእነሱ አራተኛ ቅያሪ ቢጨምሩ አይቆጭዎትም። የብረት ዚፕና የብረት ቁልፍ አይኑር። ቀለበትና የአንገት ሐብልም ሥራ ላይ ይውለቅ። ማዕተብ ያሰረ ልጅ ደግሞ ሸሚዙ ውስጥ ያስገባው።

በጣም የምለምንዎት ስለ ሁለቱ ነው፣ ሮቶ ስለሚያጥቡትና መድኃኒት ስለሚረጩት። እነዚህን ሥራዎች ያንኑ ልብስና ያንኑ ቦት ጫማ ለብሶ መሥራት ክልክል ይሁን። መድኃኒት የነካው ቱታ ሮቶ ውስጥ ከገባ የቤተሰቡ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ቱታ ያሰፉ። ለሮቶው ቆሻሻ ቶሎ የሚታይበት ፈዛዛ ቀለም፣ ለመድኃኒቱ ጠቆር ያለ። ከሩቅ እንዲለዩ የአንገትጌው ቀለምም ይለያይ። ሮቶ የሚገባበት ቦት ጫማ ሌላ መሬት አይርገጥ። ለመድኃኒት የሚለበሰው ቱታ ሠራተኛው ቤት አይሂድ። ከልጆቹ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ መታጠብ የለበትም። ቢሮው ግቢ ውስጥ ለብቻው ጓንት ባደረገ ሰው ይታጠብ፣ ለብቻው ይድረቅ። የፍሳሽ ሥራ የተሠራበት ቱታም እንዲሁ። ለዚህ አንድ ሳፋ፣ አንድ ገመድና አንድ የሚቆለፍ ሳጥን ይበቃል።

ወደ ሴቶቹ ልምጣ። ብዙ ጊዜ የወንድ ሸሚዝ በትንሽ ቁጥር ተቆርጦ ይሰጣቸዋል። ደረታቸው ላይ ይጠብባል፣ ትከሻቸው ላይ ይንጠለጠላል። የሴት አቆራረጥ ለብቻው ይሠራላቸው። በእኛ አካባቢ ጥሩ የሚሄደው እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ጎንና ጎኑ የተከፈተ፣ ሙሉ እጅጌ ረጅም ሸሚዝ ከሱሪ ጋር ነው። ልከኛ ነው፣ መሰላል ላይም አያደናቅፍም። ረጅም ቀሚስ ለብሶ መስኮት መወልወል ግን አደገኛ ነው። ሂጃብ ለሚያደርጉ ከደንብ ልብሱ ቀለም ጋር የሚሄድ ሂጃብ ድርጅቱ ያቅርብ፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት። ጨርቁ ሲሳብ የሚለጠጥ፣ በመርፌ መያዝ የማያስፈልገው ይሁን። ጫፉ ሸሚዙ ውስጥ ይግባ። የተንጠለጠለ ጫፍ ባልዲ ውስጥ ይገባል፣ ምድጃ ላይ ያርፋል፣ ማሽን ይይዘዋል። ሂጃብ የማያደርጉት ደግሞ በዚያው ቀለም ሻሽ ቢያስሩ አምስቱም አንድ ይመስላሉ። ሳይጠይቋቸው ግን ምንም አይወስኑ። አምስቱን ሰብስበው ናሙናውን ያሳዩአቸው። የትኛው እንደሚመቻቸው ከእኔም ከእርስዎም በላይ ያውቃሉ።

ስለ ኪስ አንድ ነገር ልናገር። አንዳንድ ድርጅት ለጽዳት ሠራተኞች ኪስ የሌለው ልብስ ያሰፋል፣ "ዕቃ ጠፋ" እንዳይባል። እኔ አልስማማም። ገና ሥራ ሳትጀምር ሌባ እንደማለት ነው። ስልኳንና የትራንስፖርት ገንዘቧን የምትይዝበት ባለ ዚፕ አንድ ኪስ ይኑራት። የሥራ ዕቃ ሁሉ ግን በሽርጧ ኪስ ይሁን። ሽርጡ ከፊት ነው፣ ክፍት ነው፣ ሁሉም ያየዋል። ይህ ከሐሜት ይጠብቃታል። በረኪናም ቢረጭ የሚያርፈው ሽርጡ ላይ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ ላይ አንድ ጠብታ በረኪና ካረፈ ሱሪው አበቃለት። ሽርጥ ግን በትንሽ ዋጋ ይተካል። ለሽንት ቤት ውሃ የማያስገባ ሌላ ሽርጥ ይለይላት፤ ወጥ ቤት ይዛው አትግባ።

ቀለም ላይ አልቆይም። ነጭ ላይ የደሴ ጭቃ የሠራተኛውን ቀን ሙሉ ታሪክ ይጽፋል። ሙሉ ጥቁር አቧራና ጸጉር ያሳያል፣ ሐዘንም ያስታውሳል። ፈዛዛ ግራጫ ኮምቦልቻ ላይ ላብ ያሳያል። መካከለኛ ሰማያዊ ሸሚዝና ጥቁር ግራጫ ሱሪ ለሁለቱም ከተሞች ይሠራል። የዋናው ድርጅት ሰማያዊ ከዚህ ጋር ይቀራረባል ብዬ አስባለሁ፤ ነጩን ወደ አንገትጌና ወደ ኪስ ጠርዝ ማውረድ ይቻላል። በጉም ውስጥ መንገድ ለሚሻገሩት ሰደርያው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ይሰፋ። በካውያ አይነካ፣ በረኪናም አይቅረበው።

ጨርቅ ሲገዙ ሻጩ የሚነግርዎትን ብቻ አይስሙ። ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ከጨርቁ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው የወርቅ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። 2.4 ግራም ካለ በካሬ ሜትር 240 ግራም ነው ማለት ነው። ከዳሩ ጥቂት ክር መዘው በብረት መቆንጠጫ ይያዙና ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ድብልቁ ሁለቱንም ያሳያል። ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች "ሙሉ ጥጥ ነው" ተብሎ የተሸጠልዎት ጨርቅ ጠንካራ ፍሬ ካስቀረ ይመልሱት። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ ውሃ ነክረው ይጨምቁና በአዲሱ ጨርቅ ላይ አሥር ጊዜ ይፈትጉት። ቀለም ከለቀቀ የደንበኛ ነጭ መጋረጃና የሶፋ ልብስ ላይም ይለቃል።

አራተኛውን ፈተና የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራውን እንደጀመርኩ አካባቢ ለአንድ ድርጅት 40 ሱሪ አሰፋሁ። ቀኑ ጠቦብኝ ነበርና ጨርቁን ሳላጥብ አስቆረጥኩ። ከሦስት እጥበት በኋላ ሱሪዎቹ ሁሉ ቁርጭምጭሚት አሳዩ። ሠራተኞቹ መንገድ ላይ እየተሳቀባቸው መሄድ አልፈለጉም። አርባውንም በራሴ ወጪ ደግሜ ሰፋሁ። ከዚያ ወዲህ ያላጠብኩት ጨርቅ ላይ መቀስ አላሳርፍም። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉበት፣ በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ይለኩት። 50 የነበረው 48.5 ከሆነ 3 በመቶ አጥሯል። የውስጥ እግሩ 76 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሱሪ ላይ ይህ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ጥቂት ካጠረ አቆራረጡ ላይ ይጨመራል። ከዚያ በላይ ካጠረ ሌላ ጨርቅ ይፈልጉ።

የሚገዙት ደግሞ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዓይነት ጣቃ ይሁን። ፋብሪካው በሌላ ቀን የነከረው ሰማያዊ ስሙ አንድ ቢሆንም ፀሐይ ላይ ሲቆም ይለያል። 150 ሳንቲ ሜትር ወርድ ካለው ጨርቅ አንድ ሱሪ 1.30 ሜትር፣ አንድ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ 1.60 ሜትር ገደማ ይበላል። የሴቶቹ ረጅም ሸሚዝ ትንሽ ይጨምራል። ለ42 ሱሪ 55 ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚያ ላይ 15 በመቶ ያህል ይጨምሩና 63 ሜትር ይግዙ። ትርፉ ለቅያሪ ጉልበት፣ ለአዲስ ሠራተኛና ለጫማ ከረጢት ይሆናል። ከ42ቱ ውስጥ የኤሌክትሪኮቹን ካኪ ግን ለይተው ለብቻው ያስቡት፤ ቀለሙንም ከድብልቁ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ውጭ ብርሃን ላይ ያስተያዩ።

ሰፊ አያጡም። ደሴ ውስጥ ፒያሳና አራዳ ጥሩ ልብስ ሰፊዎች አሉ። ኮምቦልቻ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሐምሌ ከተከፈተ ወዲህ በፋብሪካ ማሽን የሠለጠኑ ብዙ ልጆች አፍርታለች። ለ42 ጥንድ ልብስ እንዲህ ያለ እጅ ያለውን ሰው ይፈልጉ። ናሙናውን ሲያሳይዎ ስፌቱን በሁለት እጅዎ ግራና ቀኝ ይሳቡት። ክሩ ጥርስ እያወጣ ከተከፈተ አይሆንም። በ1 ሳንቲ ሜትር ከ3 እስከ 4 ስፌት ይቁጠሩ። የእግር መሐልና የብብት ስፌት ድርብ ይሁን። የኪስ ጥግ ሁሉ በጥብቅ ይታሰር። የሥራ ሱሪ መጀመሪያ የሚያልቀው ጉልበቱ ላይ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ ይሰፋ፤ ለቧንቧ ሠራተኞቹ ደግሞ ድርቡ ከላይ ክፍት ሆኖ ስፖንጅ የሚገባበት ይሁን። ከወገብ በታች ያለ ቁልፍ ሁሉ በጨርቅ ይሸፈን፤ ፍሪጅና ቁም ሳጥን የሚቧጭረው እሱ ነው።

ልክ የሚወሰደው ከእያንዳንዱ ሰው ነው። "ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ" ብለው በስልክ አይዘዙ። የመጀመሪያውን ናሙና የለበሰው ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ያንሳ። ቁጢጥ ይበል። ተንበርክኮ ወደ ፊት ይጎንበስ። ጀርባው ከታየ ሸሚዙ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይርዘም። ወጥ ቤት ገንዳ ስር የሚገባ ሰው ከኋላው የቤቱ ሰዎች እንደቆሙ አይርሱ።

ምልክቱን በጥልፍ ያሠሩ፣ ከልብሱ እኩል ዕድሜ አለው። የዝናብ ልብስ ላይ ግን ጥልፍ አያስፈልግም፤ መርፌው በበሳው ውሃ ይገባል፣ እዚያ ላይ በኅትመት ይሁን። እያንዳንዱ ልብስ አንገቱ ስር ቁጥር ይኑረው፣ ቁጥሩም መዝገብ ላይ ከሠራተኛው ስም ጋር ይስፈር። ሠራተኛ ሲለቅ ልብሱ ይመለስ። ልብስ ሲጠፋ በዚያው ቀን ይመዝገብ። ይህን የምለው ለጨርቁ ዋጋ አይደለም። ያንን ልብስ የለበሰ ሌላ ሰው በእርስዎ ስም የሰው ቤት ማንኳኳት ይችላል። ያረጀውንም ምልክቱን ቆርጠው ሳያወጡ ለማንም አይስጡ። ልብስ ሰፊውም ምልክቱን ለሌላ እንዳይሰፋ ውሉ ላይ ያስገቡ። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚጠበቅ ንብረት ነው፣ ባለቤቱም ዋናው ድርጅት ነው።

ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ብዙ ያከራክራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት ለሥራው የሚያስፈልገውን መከላከያ ልብስና መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ የአሠሪው ነው። ጓንት፣ ሴፍቲ ጫማና ቱታ የእርስዎ ናቸው። አንቀጽ 59 ደግሞ ከደመወዝ መቁረጥን ይገድባል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ አይቆረጥም፤ በጠቅላላም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። እኔ የምመክርዎ ለደንብ ልብስ ምንም እንዳይቆርጡ ነው። የተቆረጠበት ሰው "ልብሱ የእኔ ነው" ብሎ ይዞት ይሄዳል፣ እውነቱንም ነው።

የቀረው ለዋናው ድርጅት የሚጽፉት ደብዳቤ ነው። የፍራንቻይዝ ውል ብዙውን ጊዜ ደንብ ልብስን በዝርዝር ያስራል፤ ያለፈቃድ መቀየር ውል ማፍረስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አይሟገቱ፣ ያስረዱ። የሁለቱን ከተሞች ከፍታ፣ የክረምቱን እርጥበት፣ ጫማ ተወልቆ የሚገባ መሆኑን ይጻፉላቸው። እጅጌ አጭሩ ፖሎ በሙሉ እጅጌ ሸሚዝ እንዲተካ፣ ነጩ ወደ ጠርዝ እንዲወርድ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጥጥ፣ ለሴቶች ረጅም ሸሚዝና ሂጃብ እንዲፈቀድ ይጠይቁ። የሰማያዊውን ትክክለኛ የቀለም ቁጥርና የምልክቱን የጥልፍ ፋይል እንዲልኩልዎ ይንገሯቸው። ውሉ ሲያበቃ ልብሶቹ የማን እንደሚሆኑም ያስወስኑ። ከደብዳቤው ጋር ሁለት የተሰፉ ናሙናዎች ይላኩ፣ አንድ የወንድ፣ አንድ የሴት። ከመላክዎ በፊት ግን አንዱን ለቧንቧ ሠራተኛዎ፣ አንዱን ለጽዳት ሠራተኛዎ ለሁለት ሳምንት ያስለብሷቸው፣ አምስት ጊዜም ይታጠቡ። አዲስ ሆኖ ያማረ ልብስ ሁሉም አለው። ዋናው ድርጅት ማየት ያለበት ተለብሶና ታጥቦ የቆመውን ነው። ፈቃዳቸው በጽሑፍ እጅዎ እስኪገባ ድረስ 63 ሜትሩ ጣቃው ላይ ይቆይ።